የከሰል ግራሶ

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ሚንስክ ስማር አስተማሪዬ ወንበሬን አንስቶ ኮሪደር ላይ አውጥቶልኝ ያውቃል፤ «አንቺ ስትቀመጪ ሌላው ሰው ይናወጣል» ብሎ። ጣቶቼማ ጭራሽ እረፍት የላቸውም፤ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ቀኑን ሙሉ ሲፋተጉ ይውላሉ። የሙያ በሽታ ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት የሚፋተጉ ነገሮች መሐላቸው ምን ቢገባ ይስማማሉ የሚለውን። ለሰው የሚሆን እስካሁን አላገኘሁም። ለብረት ግን ግራፋይት የሚባል ጥቁር ድንጋይ አለ፤ በእርሳስ ውስጥ የምታዩት ያው እሱ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው ቤተ ሙከራ አንስተው አርባ ምንጭ ላኩኝ። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የውኃ ፓምፖች ነበሩ፤ ከኩልፎ ወንዝ እየሳቡ ጥጡን የሚያጠጡ። ግራሶ የለም። ግራሶ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪም የለም። «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ስለ ካርቦንና ስለ ማለስለሻ የተማርሽም አንቺ ነሽ፣ ሂጂና ከአገር ውስጥ የሚሆን ነገር ፈልጊ» ተባልኩ። ደስ አለኝ። ታላቅ እህቴ ወርቂቱ እዚያው ትኖራለች፤ ባሏ ካሱ ኦይታ ደግሞ የፓምፖቹ ኃላፊ ነው። ጋሼ ካሱ ነው የምለው።

ጋሼ ካሱን ሳታውቁት ይህ ታሪክ አይገባችሁም። ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች ወዲህ በየሰው ጓዳ ተሰብስበው ይጸልያሉ ተብሎ አንዴ ታስሮ ወጥቷል። ሽማግሌያቸው ነበር። ሲለቁት «ፋይልህ አልተዘጋም» ብለውታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነው። ውሸት መናገር አይችልም፤ አይፈልግም ሳይሆን አይችልም። ጎረቤት ቡና ልትበደር መጥታ ወርቂቱ «የለንም በል» ብትለው በር ላይ ቆሞ ፊቱ ይቀላል እንጂ አፉ እሺ አይለውም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዘመን ፋይሉ ሳይዘጋ መኖር ምን እንደሚመስል አስቡት።

ስደርስ ሁለተኛው ፓምፕ ይጮህ ነበር። ዘንጉን ተሸክሞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጣ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ ይጮሃል፣ ከዚያ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ጥርቅም ብሎ ይቆማል። ጥጡ ደግሞ ውኃ ካጣ ሳምንት አይቆይም። አንድ የማዕድን ፍለጋ ጓደኛዬ ከሞያሌ በኩል አንድ ኬሻ የግራፋይት ዱቄት ልኮልኝ ነበር። ከመንገድ ዳር ጉሎ አስለቅሜ ዘይቱን አስጨመቅሁ፣ ከሲቀላ ሥጋ ቤት ሞራ ገዛሁ፣ አቀለጥኩ፣ ቀላቀልኩ፣ ደፋሁ፣ እንደገና ቀላቀልኩ። የወርቂቱን ሦስት ድስቶች አበላሽቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ትቆጥርብኛለች። በመጨረሻ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ ቅቤ የሚሄድ ነገር አገኘሁ።

ጋሼ ካሱ ሁለተኛውን ፓምፕ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ የኔን ግራሶ ሞላበት። አስነሣነው። ግማሽ ቀን ሠራ። እጁን የኩሽኔታው ሽፋን ላይ አሳርፎ ቆየና ዘወር ብሎ አየኝ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማን የሚፈራ ይመስል።

የዚያን ቀን ከደስታ ብዛት ከፓምፕ ቤቱ እስከ ሲቀላ በእግሬ ሄጄ፣ ገበያውን ዞሬ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ችግሩ የመጣው ሳስረዳ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰብስቦ ነበር። የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ብዙነህ ከፊት ወንበር ይዟል። እዚሁ ከጋሞ ደጋ፣ የቦንኬ ልጅ ነው፣ ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጭብጨባ ይወዳል እንጂ። እኔም ሰው የሚገባው ምሳሌ ፈልጌ እንሰትን አነሣሁ።

«እንሰት ስትልጡ አይታችኋል? ሽፋኑ በሽፋኑ ላይ ተደርቦ፣ አንዱ ከአንዱ ሸርተት ይላል። ግራፋይትም እንደዚያ ነው። ሽፋን በሽፋን ነው፣ ስትነኩት ይንሸራተታል። ሌላ ተአምር የለውም። ካርቦን ነው። ከሰል ካርቦን እንደሆነ ሁሉ ይሄም ካርቦን ነው።»

ጓድ ብዙነህ ብድግ አለ።

«ከሰል ካርቦን ነው?»

«ነው።»

«ይሄም ካርቦን ነው?»

«ነው፤ ነገር ግን...»

«ጓዶች!» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ እጁን ወደ ላይ ሰድዶ። «ነገር ግን» ያልኩት እዚያው ማንጎው ሥር ቀረ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቄ ልቀጥል ስል ሌላ ጭብጨባ ተነሣ። ከሰል በየቤቱ አለ፣ ከሰል የራሳችን ነው፣ ኢምፔሪያሊስቶች ግራሶ ቢከለክሉን ከራሳችን ከሰል የራሳችንን ግራሶ እናወጣለን! እየጮህኩ «ከሰል አይሆንም!» አልኩ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ፎከርኩ መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ሳምንት ሳይሞላ ከሰል በኬሻ በኬሻ ይጎርፍ ጀመር። እያንዳንዱ ቀበሌ፣ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ኮታ ተጣለበት። የእርሻው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ከራሳችን ከሰል የራሳችን ግራሶ ይላል።

ቢሮው ሄድኩ። አልተቀመጥኩም፤ በጠረጴዛውና በመስኮቱ መሐል እየተመላለስኩ ነበር የማወራው።

«ጓድ ብዙነህ፣ ከሰል ሌላ ነው። ውስጡ የተዘበራረቀ ነው፣ የሚንሸራተት ሽፋን የለውም። አመድ አለው። አመዱ ብረት ይልጋል። በዳቦ ውስጥ አሸዋ ሲገባ ጥርስዎን ምን ያደርገዋል? ኩሽኔታውንም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ተቀመጪ ጓድ አገርነሽ፣ ዓይኔ ዞረ።»

«አልቀመጥም። ግራፋይቱን ከሞያሌ እናስመጣ። ድንጋዩ አገራችን ውስጥ ነው ያለው፣ እሱም የራሳችን ነው።»

መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። «ቴሌግራም ልኬያለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለክፍለ ሀገሩም፣ ለላይም። ከሰል ብዬ ነው የላክሁት። መልስ መጥቷል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል። ሦስቱም ፓምፖች በከሰል ግራሶ ይሠራሉ።»

«ቢቆሙስ?»

«ቢቆሙ የያዛቸው ሰው አለ። ካሱ ኦይታ። ፋይሉ እንዳልተዘጋ ታውቂያለሽ። አንድ ፓምፕ ቢቆም አሻጥር ነው የሚባለው፤ እኔ ባልልም ሌላው ይላል።»

ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም። ከቢሮው ወጥቼ እግሬ ወደመራኝ ሄድኩ፤ ራሴን ያገኘሁት ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን የሚያሰጡበት ቦታ ነው። አንድ ሰው «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ «ነገር ግን» የምትል ቃል ጠፍታብኛለች ልለው ምንም አልቀረኝም።

ልሳሳት እችላለሁ ብዬ ሞከርኩት። ከሰሉን አስወቅጬ፣ በወንፊት አስነፍቼ፣ በዚያው ዘይትና ሞራ ለወስኩት። ሲታይ ከግራፋይቱ አይለይም። ጥቁር ጥቁር ነው። አሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ ሞልቼ ጋራዡ ውስጥ አሽከረከርኩት። የያዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ መንጫጫት ጀመረ፤ ስፈታው ኳሶቹ በሙሉ ተቦጫጭረዋል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አድርጌ ፈተግሁት። ይከረክራል። ይህን ነገር ፓምፕ ውስጥ መክተት ማለት ጋሼ ካሱን በገዛ እጄ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ነው። ከግራፋይቱ ኬሻ ግማሽ ያህል ቀርቶኛል። ለሦስቱም ፓምፖች ይበቃል። በርሜሉ ላይ ከሰል ብለው ይጻፉ፣ ውስጡ የኔ ይግባ። ማን ያውቃል?

ለወርቂቱ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አድርጊው» አለች።

«ፓምፖቹ በደንብ ሲሠሩ ከሰል ሠራ ይባላላ። ከዚያ በየእርሻው፣ በየፋብሪካው ይላካል። እዚያ ሁሉ ከሰል ይሞላሉ።»

«አገርነሽ፣» አለችኝ፣ ስትቆጣ ብቻ ነው ስሜን ሙሉ የምትጠራው። «እኔ የማውቀው አንድ ካሱ ነው። እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስ ማን አብሮኝ ተመላለሰ? ባሌ ቤቱ ይደር። አንቺ ዝም በይ፣ ዝም ብለሽ አድርጊው።»

ፓምፕ ቤት ሄጄ ለጋሼ ካሱ ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«አትንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ልትነግሪኝ ያሰብሽውን። ከጠየቁኝ እናገራለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ።» ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። «ምሳዬን ልብላ» ብሎ ወጣ። ምሳውን ግን ቅድም በልቷል፣ ሳህኑን እኔው ነኝ ያጠብኩት።

በርሜሎቹን ቀየርኩ። ሦስቱም ፓምፖች ተሞሉ፣ ተነሡ፣ እንደ ውኃ ፀጥ ብለው ሠሩ። ጓድ ብዙነህ መጥቶ ሽፋኑን ነካ፣ ሣቀ፣ አቀፈኝ። «አየሽ? ሳይንስ ድፍረት ይፈልጋል» አለኝ። በዚያው ቀን ሌላ ቴሌግራም ሄደ። የከሰሉ ግራሶ በሌሎች እርሻዎችም እንዲሠራበት ታዘዘ ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አለኝ። ስበላ እነሣለሁ፣ ስነሣ ምን ልሠራ እንደተነሣሁ ይጠፋኛል። ጣቶቼ መሐል ያንን የሚከረክር ነገር ሁልጊዜ ይሰማኛል። ጋሼ ካሱ አንድ ቀን ብቻ፣ ዓይኑን ከፓምፑ ሳይነቅል፣ «እዚያ ሌላ አገርም ፓምፕ የሚይዝ ሰው አለ አይደል?» አለኝ።

ጓድ ብዙነህ ያንን ስህተት ባይሠራ ምናልባት ዝም እንዳልኩ እኖር ነበር። ከሰል አነሰው። ደገኛው ኮታውን አልሞላም፤ «ከሰል ለግራሶ? ምን ዓይነት ነገር ነው?» እያለ ያጉረመርማል ተባለ። ስለዚህ ሰዎቹን ራሱ ሊያሳምን ወደ ደጋ ሊወጣ ተነሣ፤ ከጨንቻ ወረድ ብላ ወዳለችው ወደ እኔ መንደር። ስብሰባውንም ሕዝቡ ሁልጊዜ በሚሰበሰብበት ቦታ አደረገው። በዱቡሻ።

ዱቡሻ ማለት ሜዳ ነው፤ ላየው ሰው አጭር ሣር፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ዳር ዳሩን ዛፍና አጥር። ለኛ ግን ነገር ሁሉ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው ይመጣሉ፣ መርቀው ይቀመጣሉ፣ ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል። እዚያ የተዋሸ ውሸት ጎሜ ነው፣ እርግማን የሚያመጣ ነውር፤ የውሸታሙ ብቻ አይሆንም፣ ዝናቡን ያስቀራል፣ ከብቱን ያስወርዳል ይባላል። ሴት ደግሞ እዚያ አትቆምም። ልጅ ሳለሁ ሸማኔው አባቴ ሲናገር የሰማሁት ከአጥሩ ውጭ፣ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ነው። ጓድ ብዙነህ ይህን ሁሉ ያውቃል። የቦንኬ ልጅ ነው አልኳችሁ። ግን ብዙ ዓመት «ኋላቀር ልማድ» እያለ ሲያስተምር ራሱም የረሳው መሰለው።

መኪናው ጠመዝማዛውን እየወጣ ብርዱ ሲመጣ ጋሼ ካሱ ከኋላ፣ የግራሶ ጣሳ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሁለት ጠባቂዎች መሐል ተቀምጧል። ምስክር ነው። እኔም ምስክር ነኝ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ትልቃቸው ዳልጮ የአባቴ እኩያ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል እንጂ ድምፁ አልደከመም። ጓድ ብዙነህ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሦስቱ ፓምፖች ተናገረ። ከዚያ ፊቱ በርቶ እንዲህ አለ፦

«ዛሬ ደግሞ አዲስ ታሪክ እንሠራለን። የዚህ መንደር ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ እዚህ ቆማ ትናገራለች። የሴቶች እኩልነት በወሬ አይደለም!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳልጮ በጋሞኛ «ከተናገረች እንደ እኛው ትናገራለች» አለ። እንደ እኛው ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ጓድ ብዙነህ ፈገግ እንዳለ ነበር።

«መጀመሪያ ካሱ» አለ።

ጋሼ ካሱ ተነሣ። ዳልጮ ጠየቀው፤ «ልጄ፣ ከሰል ስጡ ብላችሁናል። ማሽኑ በከሰል ይሠራል ወይ?»

ጋሼ ካሱ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። አየኝ። የሚያደርገውን ቆርጦ እንደሚያየኝ አወቅሁ፤ አዎ ብሎ አይዋሽም፣ አይደለም ብሎ እኔን አሳልፎ አይሰጥም። ዝም ብሎ ሊቆም ነው። ዝም ብሎ በመቆሙ ደግሞ ይወስዱታል። «ካሱ፣ ተናገር እንጂ» አለ ጓድ ብዙነህ፤ ፈገግታው ጠፍቷል። አንዱ ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከአጥሩ ውጭ፣ ሴቶቹ በቆሙበት፣ ወርቂቱን አየኋት። በገበያ መኪና ተሳፍራ ከኋላችን መጥታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ሌኒን ያለበት፣ ሳይንስ ያለበት። ዳልጮ ከያዘው ሣር ቆንጥሮ እጄ ላይ አደረገልኝ። ሣሩ እርጥብ ነበር። እኔ ቁስ አካላዊነትን ያጠናሁ ሰው ነኝ፣ ጎሜ ብሎ ነገር የለም፣ ዝናብ ለምን እንደሚዘንብ አውቃለሁ። ፈራሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ከሁሉ የፈራሁት ሣሩን ነው።

«ከሰል አይሆንም» አልኩ በጋሞኛ። «ከሰል ማሽን ይበላል። ፓምፖቹ ውስጥ ያለው ከሰል አይደለም፣ ሌላ ድንጋይ ነው። በርሜሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ካሱን ፈርቼለት ነው። ለእሱ አልነገርኩትም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል እውነት ናት። ቃል በቃል እውነት ናት። እሱ ነው እውነት ያደረጋት፣ እጁን አንሥቶ «አትንገሪኝ» ብሎ። ዳልጮ ወደ እሱ ዞረ።

«ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! አልቆመም።

«ጠርጥሬ ግን ነበር» አለ። «ቁልፉን ሰቅዬ የሄድኩት ለዚያ ነው።»

አፉን በመዳፌ ብደፍነው በወደድኩ። ከአጥሩ ውጭ ወርቂቱ «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ። ጓድ ብዙነህ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሁለቱንም ጫኑ» አለ።

ጠባቂዎቹ ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄዱም። ዳልጮ ሣሩን ከፊታችን መሬት ላይ አኖረና ተንበረከከ። ሌሎቹም ተነሥተው፣ አንድ በአንድ፣ ሣራቸውን አኑረው ተንበረከኩ፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሳይቀር። በኛና በመኪናው መሐል አረንጓዴ መስመር ሆነ። የተነጠፈ ሣር ማለፍ ማለት እናትህ ስትለምንህ በላይዋ መራመድ ማለት ነው። አንዱ ጠባቂ የጨንቻ ልጅ ነው፣ ወዲያው ቆመ። ሌላኛው ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ሣሩን አየ፣ ጓድ ብዙነህን አየ፣ ትእዛዝ ጠበቀ።

ጓድ ብዙነህ እስከ ሣሩ ድረስ መጣ። ጫማው ጫፉን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ቆመ። ሰማዩ ደመነ፣ ብርድ ነፈሰ፣ እሱ እንደቆመ ነው። ከዚያ፣ ማንም ባላሰበው ሁኔታ፣ ኮፍያውን አውልቆ ዳኝነት የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባቶች፣» አለ፣ በጋሞኛ፤ ጋሞኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ለላይ ምን እላለሁ?»

«ያየኸውን» አለው ዳልጮ።

«ቴሌግራሙ እኮ ሄዷል።»

ዳልጮ ቴሌግራም ምን እንደሆነ አያውቅም። «እሱን ተከትለህ ሌላ ላክበት» አለው።

መኪናው እኛን ሳይጭን ወረደ። እኔ፣ ጋሼ ካሱና ወርቂቱ በእግራችን ነው የወረድነው። ወርቂቱ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ ስትደክም ቆማ አኩርፋ ትጠብቀናለች።

ጓድ ብዙነህ ሌላ ቴሌግራም ላከ። የላከ ዕለት ይመስለኛል ከሥልጣኑ የተነሣው፤ ወዴት እንደወሰዱት አላወቅንም። እኛን የነካን የለም፤ የሱን ነገር ሲያጣሩ ረስተውን ይሆናል። ቀዩ ጨርቅ ወረደ። ከሰሉን የእርሻው ጥበቃዎች ሻይ ያፈሉበት ጀመር፣ የቀረውን ሴቶቹ በየኬሻው መልሰው ወሰዱት። ጋሼ ካሱ ፓምፕ ቤቱ ገባ፣ ወጣ፤ ቤቱ አደረ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ።

አንድ ቀን መኪናው መጣ። አዲሱ ኃላፊ ጓድ ኃይለመስቀል ይባላል፤ ከሰሜን የመጣ፣ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ጓድ አገርነሽ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ነኝ።»

«የከሰል ግራሶው ፈልሳፊ?»

ጋሼ ካሱ ከፓምፑ ላይ ቀና አለ።

«በሌላ ክፍለ ሀገር አንድ እርሻ አለ» አለ ጓድ ኃይለመስቀል። «ባለፈው በተላለፈው መመሪያ መሠረት በከሰል ግራሶ ሠርተው ሁሉም ፓምፖች ቆመውባቸዋል። የፓምፕ ኃላፊው በአሻጥር ተይዟል፤ ወልደሥላሴ የሚባል ሰው ነው። ግራሶው ችግር እንደሌለበት የሚመሰክር ባለሙያ ይፈልጋሉ። እርስዎን ነው የጠሩት። ነገ ይሄዳሉ።»

ቴሌግራሙን የተከተለው ቴሌግራም አልደረሰበትም ማለት ነው። ጣቶቼን አየኋቸው፤ ቆመዋል።

ቤት ስደርስ ወርቂቱ ሰምታ ጠበቀችኝ። ሲቀላ ወሬ ከኔ ይፈጥናል። ቆሎ ቆልታ በጨርቅ ትቋጥር ነበር፤ የታሰረ ሰው ስንቅ ስታዘጋጅ እንደነበረው አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብታ። እኔም ሁለቱን ዱቄት፣ ግራፋይቱንና ከሰሉን፣ በሁለት ብልቃጥ አድርጌ፣ ያንን የተቦጫጨረ ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ሚስት አለችው?» አለች ድንገት።

«ማን?»

«ሰውዬው። ወልደሥላሴ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወርቂቱ።»

«ይኖረዋል» አለች። ቋጠሮውን ሻንጣዬ ላይ አደረገችው። ደግሞ አነሣችውና ሌላ ቋጠሮ ጨመረችበት። «ይህችኛዋን ለእሷ ስጫት። ለሰዎቹ ደግሞ ዱቡሻ ላይ እንዳልሽው በያቸው። አንድም ሳታስቀሪ።»

«ቢይዙኝስ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ስንቅ ማመላለስ እችላለሁ» አለች። «መንገዱን አውቀዋለሁ።»

በማግሥቱ ሲቀላ መናኸሪያ ጋሼ ካሱ ሻንጣዬን ተሸክሞ አደረሰኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መስኮቱ ሥር ቆመ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ እርጥብ ሣር አውጥቶ፣ አፍሮ፣ በመስኮቱ አቀበለኝ። ጴንጤው ጋሼ ካሱ፣ የዱቡሻውን ሣር። ያዝኩት። አውቶቡሱ ተነሣ፣ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ቁጭ አልኩ።